የሥነ ጥበብ ትምህርት፣ የውጭ ትብብርና የገጠሩ ልጅ

የአንድ ሀገር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከውጭ ሀገር ተቋማት ጋር የሚያደርገው ትብብር ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በተፈረሙት ሰነዶች ብዛት፣ ወደ ውጭ በተላኩት ተማሪዎች ቁጥርና በተከፈቱት ኤግዚቢሽኖች ድምቀት ነው። እነዚህ ሁሉ ዋጋ የላቸውም ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ መሠረታዊውን ጥያቄ አይመልሱም። መሠረታዊው ጥያቄ የትብብሩ ፍሬ ለማን ይደርሳል? ወደ ውጭ የሚሄደው ማን ነው? ከመሄዱስ በፊት በትምህርት ቤቱ በር መግባት የቻለው የማን ልጅ ነው? የሚለው ነው።

በተለምዶ ሁለቱ ጉዳዮች ተነጣጥለው ይታያሉ። የውጭ ትብብር የኀላፊዎችና የዲፕሎማቶች ሥራ ተደርጎ ሲወሰድ፣ የተማሪዎች ስብጥር ግን የመዝገብ ቤት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ የተለየ ነው። ከውጭ የሚገኘው ዕውቀት ፍሬ የሚያፈራው ከውስጥ የሚለዋወጠው ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ያ የሚለዋወጠው ነገር ደግሞ የሚገኘው ከመላው ሀገሪቱ በሚመጡ ተማሪዎች እጅና አእምሮ ውስጥ ነው። ስለሆነም ትብብርና ስብጥር የአንድ ጉዳይ ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ይህን ለመረዳት ነገሩን ከዋና ከተማው ሳይሆን ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ቆሞ መመልከት ይጠቅማል።

የቆየ ትውውቅ

የጎጃም ምድር ለውጭው ዓለም ጥበብ እንግዳ አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዕድሜውን በዚሁ አሳልፏል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በሀገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአካል አግኝቶታል። ያን ጊዜ ሠዓሊው ለብዙ ዓመታት የኖረ፣ መርቆሬዎስ በሚል ስምም የሚታወቅ ሰው ነበር። ከሥራዎቹም በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት የተገኙ አሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ የውጭ ሰው የመጣው ሥዕል ወደማይታወቅበት ሀገር አልነበረም። ከእርሱ በፊት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.)፣ ፍሬ ጽዮን የተባለው ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን ታላቅ ሥዕል ሠርቶ ነበር። ስለ ቬኒሱ ሠዓሊ ሲተረክ እንደኖረውም፣ እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ እንደታቀፈች አድርጎ በመሣሉ፣ ግራ የክብር ወገን አይደለም የሚሉ ሰዎች ተቃውመውት ነበር ይባላል። ታሪኩ የሚያሳየው ተመልካቹ ሕዝብ ከውጭ የመጣውን ሁሉ ዝም ብሎ የሚቀበል እንዳልነበረ ነው። የራሱ መለኪያ ነበረው፤ በዚያም መለኪያ መረመረው፤ የሚስማማውን ወሰደ፤ ያልተስማማውን ተከራከረበት። እውነተኛ ትብብር ማለትም ይኸው ነው። የራሱ መለኪያ የሌለው ተቋም ከሌላው ጋር ሲገናኝ ተቀባይ እንጂ ተባባሪ ሊሆን አይችልም።

የቆሎ ተማሪው ሥርዓት ያስተማረን

ሁለተኛው ቁም ነገር የተማሪዎች ስብጥር ነው። በዚህም ረገድ ጎጃም የምታስተምረው አላት። ለብዙ ዘመናት የሀገራችን ከፍተኛ ትምህርት በአንድ ከተማ የታጠረ አልነበረም። ድጓ ለመማር ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለቅዳሴ ወደ ደብረ ዓባይ፣ ለቅኔ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይኬድ ነበር። እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ማእከል ስለነበረው፣ ዐዋቂ ለመሆን የፈለገ ሁሉ ከአገር አገር መዞር ግድ ሆነበት። በቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስም ሆነ ደብረ ወርቅ ከሸዋ፣ ከበጌምድር፣ ከወሎና ከትግራይ የመጣ ተማሪ ከአካባቢው ልጅ ጋር ጎን ለጎን የሚቀመጥባቸው የዕውቀት ቦታዎች ነበሩ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ ኋላ ሀገራቸውን በዓለም መድረክ ለመወከል የበቁ ዲፕሎማትና የታላቅ ልብ ወለድ ደራሲ ሆነዋል። ከዲማ እስከ ዓለም አቀፍ መድረክ ያለው መንገድ የማይረገጥ እንዳልነበረ ምስክር ናቸው።

ይህ ስብጥር በምን ዓይነት ቁሳዊ መሠረት ላይ ቆመ? መልሱ ግልጽ ነው። የመንግሥት በጀት አልነበረውም፤ የውጭ ርዳታም አልነበረውም። ለምዱን ደርቦ፣ ኮሮጆውን አንግቶ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም የሚለውን ተማሪ ያበላው አርሶ አደሩ ነው። እናቶች ከእንጀራቸው ቆርሰው፣ ከቆሏቸው ዘግነው የማያውቁትን ሀገር ልጅ አስተምረዋል። የትምህርቱ ወጪ በሕዝቡ ጫንቃ ላይ ነበር፤ በሩም የተከፈተው በሕዝቡ ነው።

ይህን ሥርዓት ያለ ጉድለት አድርጎ ማቅረብ ግን ሀቁን ማዛባት ይሆናል። በሩ በአብዛኛው ለወንድ ልጅ ብቻ የተከፈተ ነበር። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ማየት የተሳናቸው ሊቅ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ታላቅ በመሆናቸው ብቻ ሳይሆን እንደ እርሳቸው ያሉ ሴቶች ጥቂት በመሆናቸውም ጭምር ነው። የሌላ እምነት ተከታዮች በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ከዚህም በላይ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ፣ ሙያቸው ለሁሉም የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ በስድብ ስም እየተጠሩ ከማኅበራዊ ክብር ተገልለው ኖረዋል። ጥበቡን እየተጠቀሙ ጥበበኛውን መናቅ ከአሮጌው ኅብረተሰብ ከወረስናቸው ቅራኔዎች አንዱ ነው።

የ1950 ዓ.ም. ትምህርት ቤት

ዘመናዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. ነው። መሥራቹ የፍቼ ተወላጅ የሆኑት አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1940ዎቹ በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው የተመለሱ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በ1990ዎቹ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃሎ፣ ኋላም በስማቸው ተሰይሟል።

ገና ከጅምሩ ትምህርት ቤቱ ከውጭው ዓለም ጋር የተሳሰረ ነበር። ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከሐረር ተነሥተው በጀርመን በኮሎኝ ተምረው መጡ። ወርቁ ጎሹ ከፖላንድ ክራኮቭ ተመለሱ። ዐብዱረህማን ሸሪፍ በጀርመን ተምረው መምህርና ኀላፊ ሆኑ። እስክንድር ቦጎስያን በለንደንና በፓሪስ ከቆዩ በኋላ በ1966 እ.ኤ.አ. ተመልሰው ለሦስት ዓመታት ያህል አስተማሩ። ካርል ሀይንትስ ሀንሰን ባሂያ የተባሉት በብራዚል ይኖሩ የነበሩ ጀርመናዊ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ባለሙያ ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ አስተምረዋል። በዚያው ዘመን ተማሪ የነበሩት ዘሪሁን የትምጌታ የእንጨት ኅትመትን ከሠሩ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሸማኔው ዕቃና ወደ ደብተራው ጠልሰም መልሰው፣ በቀርከሃ ሰንጣቂዎች ላይ የራሳቸውን አሣሣል ፈጠሩ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. በዳካር በተደረገው የአፍሪካ የሥነ ጥበብ ትርኢትም ተሸለሙ።

ይህ ምሳሌ የጽሑፋችንን ፍሬ ነገር ያሳያል። ከውጭ የመጣው ባለሙያ መሣሪያውን አስተማረ። መሣሪያው የሚነግረውን ነገር ግን የሰጠው የሀገሩ ሸማኔና ደብተራ ነው። ሸማኔው ባይኖር መሣሪያው ባዶውን ይቀር ነበር። በዳካር የተከበረውም ሥራ በገዛ ሀገሩ ሲናቅ ከኖረ ሙያ የተወለደ ነው።

የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ሰዎች የትውልድ ሥፍራም ይህንኑ ያረጋግጣል። ገብረ ክርስቶስ ከሐረር፣ ታደሰ መስፍን ከወልዲያ፣ ደስታ ሐጎስ ከአድዋ የመጡ ናቸው። ወይዘሮ ደስታ ሐጎስ በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራዎቻቸውን ለብቻቸው ለሕዝብ ሲያሳዩ ለሀገሪቱ ሴት ሠዓልያን አዲስ መንገድ ከፍተዋል። ታደሰ መስፍን በሌኒንግራድ የሰው ልጅን ገላ አጥንቶ የመሣል ትምህርት ቀስመው ከተመለሱ በኋላ ለዐሥርተ ዓመታት በመምህርነት አገልግለዋል። በሸራቸው ላይ ጎልተው የሚታዩትም ከፍ ያሉ ባለሥልጣናት ሳይሆኑ በየገበያው መደብ ላይ የሚቀመጡት የጉልት ነጋዴ ሴቶች ናቸው። በሩሲያ የተገኘው ዕውቀት ለወልዲያ ገበያ ሰው ክብር መስጫ ሆነ ማለት ነው።

የነፃ ትምህርት ነፋስ

ሆኖም የውጭ ትብብር ታሪክ የስኬት ታሪክ ብቻ አይደለም። የነፃ ትምህርት ዕድል አቅጣጫ የሚወሰነው በሠዓሊው ፍላጎት ሳይሆን በመንግሥታት ግንኙነት ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አገኘሁ እንግዳ ወደ ፓሪስ ተላኩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንገዱ ወደ ለንደንና ወደ አሜሪካ አዘነበለ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ደግሞ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ዞረ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 እ.ኤ.አ. ስትፈርስ ያ መንገድ በአብዛኛው ደረቀ። ከዚህ የምንረዳው ሰጪው በተቀያየረ ቁጥር የሚንገዳገድ ትምህርት ቤት በራሱ እግር እንዳልቆመ ነው።

የሰው ሀብት መፍሰስም ሌላው ችግር ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከሀገር ወጥተው በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ አረፉ። እስክንድር በሀገራቸው ያስተማሩት ለሦስት ዓመታት ያህል ሲሆን በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ግን ለሦስት ዐሥርተ ዓመታት ገደማ ነው። ይህ ሙሉ በሙሉ ኪሳራ አልነበረም፤ እንደ ወሰኔ ወርቄ ያሉ ወጣት ኢትዮጵያውያን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው ተምረዋል። ከፊሉም ተመልሶልናል። በጀርመን የነበሩ የገብረ ክርስቶስ ሥራዎች ወደ ሀገር ገብተው፣ በስማቸው የተሰየመው ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በ2008 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ሥዕሎቹ ተመልሰዋል፤ ሠዓሊው ግን አልተመለሱም።

ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠን ግን ትምህርት ቤቱን ከውጭ ሆነው ያዩት ሰው ታሪክ ነው። ቄስ አዳሙ ተስፋው ከጎጃም ገጠር የተነሡ ናቸው። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ አሣሣሉንም ከዚያው ዓለም ቀስመው አዲስ አበባ ገቡ፤ ሥዕላቸውን ለቱሪስት ዕቃ መሸጫ ሱቆች እያቀረቡም ኖሩ። በ2005 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፋውለር ሙዚየም ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው ብቻ የተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ቀረበ። ከጎጃም ተነሥቶ ካሊፎርኒያ የደረሰው ይህ መንገድ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በኩል አላለፈም። የሰውየውን ሥራ በጥሞና ያየው፣ ያጠናውና ለዓለም ያቀረበው ከባሕር ማዶ የመጣ ምሁር ነው። ጥያቄው ባዕዱ ለምን አየ የሚል አይደለም፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ጥያቄው እኛ እጅግ ቀርበን ሳለን ከሱቅ ዕቃ ለይተን ለማየት ለምን ተቸገርን የሚል ነው። የሀገሩን ጥበብ ከውጭ ሰው ዓይን ተውሶ የሚያይ ማኅበረሰብ በትብብሩ ጠረጴዛ ላይ እኩል ተቀማጭ አይሆንም።

የዛሬው በር

አሁን ወደ ዛሬው ሁኔታ እንምጣ። ትምህርት ቤቱ የዩኒቨርሲቲ አካል ከሆነ ወዲህ የሠዓሊነት ተሰጥዎ ብቻውን በር አያስከፍትም፤ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ያን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። በዚህ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሕፃናት ከመማሪያ ክፍል ርቀዋል። በቢቸና ገጠር እጁ ከሰል ባገኘ ቁጥር ግድግዳ ላይ የሚሥል ልጅ ቢኖር፣ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በር ከመድረሱ በፊት የሚዘጉበት በሮች ስንት እንደሆኑ መቁጠር አያዳግትም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መካተቱ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ነገር ግን የተከፈተ መማሪያ ክፍል፣ የሠለጠነ መምህር፣ ወረቀትና ቀለም ከሌለ ትምህርቱ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ሥነ ጥበብ አውራጃ የለውም፤ በኮታ ሠዓሊ አይፈጠርም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በኮታ ሠዓሊ አይፈጠርም። ነገር ግን በአውቶቡስ ቲኬት ዋጋም ሠዓሊ ሊመረጥ አይገባውም። የመለያው ፈተና በዋና ከተማ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ የሚለካው ተሰጥዎ ብቻ ሳይሆን የወላጅ ኪስና የመንገድ ሰላም ጭምር ነው። ለሁሉም አንድ መለኪያ ይሁን፤ መለኪያው ግን ተሰጥዎው ወዳለበት ይሂድ።

ሁለተኛው «በችግር ጊዜ ዳቦ ይቀድማል፤ ሥዕል የቅንጦት ጉዳይ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የለበሰውን ጥለት፣ የሚያነበውን የመጽሐፍ ሽፋን፣ የሚሠራበትን ፋብሪካ የምርት ምልክት ማን እንደነደፈው ቢያስብ መልሱን ያገኘዋል። ንድፍ የምርት አካል ነው፤ ነዳፊውም ሠራተኛ ነው። ከዚህ ሌላ ጉዳዩ የአብሮ መኖርም ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጥለዋል። ያ ድርጊት የተፈጸመው ለዘመናት በጉርብትና በኖሩ ሰዎች ከተማ ነው። የሥዕል ክፍል እሳት ያጠፋል የሚል የለም። ነገር ግን የሞጣው የክርስቲያን ልጅና የሞጣው የሙስሊም ልጅ፣ የሐረሯ ስፌት ሠሪ ልጅና የዶርዜው ሸማኔ ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንዱ የሌላውን እጅ ሥራ ሲያጠና የሚገኘው መተዋወቅ በስብሰባ ንግግር ከሚገኘው የጠለቀ ነው። ስብጥር ለሪፖርት ማሳመሪያ የሚፈለግ ቁጥር ሳይሆን ትምህርቱ ራሱ ነው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ማንኛውም ከውጭ ተቋም ጋር የሚደረግ ስምምነት ሲፈረም ዕድሉ ለማን እንደሚደርስና በምን መስፈርት እንደሚከፋፈል ለሕዝብ ይገለጽ። ተመላሹ ባለሙያም ከትምህርቱ ጊዜ ጥቂቱን በክልል ከተሞች፣ ሰላምና መንገድ በፈቀዱበት ሁሉ በቢቸናና በሞጣ ባሉ ትምህርት ቤቶች እንዲያሳልፍ ስምምነቱ ውስጥ ይግባ።

ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚመጣው መምህርና ተማሪ መዋያው የዋና ከተማው አዳራሽ ብቻ አይሁን። የብራናውን ፋቂ፣ የቀለሙን በጥባጭ፣ የሸክላ ሠሪዋን ምድጃ፣ የሸማኔውን ጉድጓድ ይይ። እነዚህ ባለሙያዎችም እንደ ማሳያ ሳይሆን እንደ መምህራን ተቆጥረው ለሰዓታቸው ይከፈላቸው። መለዋወጥ የሚባለው ሁለቱም ወገን ሰጥቶ ሁለቱም ሲቀበል ነው።

ሦስተኛው ድርሻ የራሳችን፣ የቀበሌ ነዋሪዎችና የሠራተኞች ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት የቀበሌ የኪነት ቡድኖች በየሠፈሩ ተቋቁመው ነበር። ይዘታቸው በዘመኑ ፖለቲካ የታጠረ ቢሆንም ብዙ ወጣት መድረክ ያገኘባቸው እንደነበሩ አይካድም። ዛሬ አንድ እድር ከአዳራሹ አንዱን ጥግ በሳምንት አንድ ቀን ለሥዕል ለሚሰባሰቡ ልጆች ቢፈቅድ፣ አንድ የሠራተኛ ማኅበር የወረቀትና የቀለም ወጪ ቢሸፍን፣ በአዲስ አበባ ያለ አንድ የሠፈር ማኅበር ለፈተና ከጎጃም ለሚመጣ ተማሪ ለአንድ ሳምንት ማደሪያ ቢያዘጋጅ ከባድ ሸክም አይሆንበትም። ያለ በጀትና ያለ ውል ቆሎ ዘግነው የማያውቁትን ተማሪ ያስተማሩት ሰዎች ከዚህ የበለጠ ከፍለዋል።

የውጭው ዓለም በር መከፈቱ መልካም ነው፤ ይበልጥም ይከፈት። ነገር ግን በዚያ በር የሚወጣውና የሚገባው ማን እንደሚሆን የሚወስነው ወደ ገጠር የሚያየው የትምህርት ቤቱ ሌላው በር ነው። የዚያ በር ቁልፍ በባዕዳን እጅ የለም። በእኛው እጅ ያለውን በር መክፈት የእኛው ኀላፊነት ስለሆነ ትምህርት ቤቱም፣ የክልሉ የትምህርት አመራርም፣ እያንዳንዱ የነዋሪዎችና የሠራተኞች ማኅበርም በየፊናው ሊነሣበት ይገባል።